ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው ውጤት

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን በአራት ኪሎ ግቢ የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራሙ አስተባባሪ ደውሎ «ስለ ሥራሽ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሪ፤ ከራት በፊት ስለሆነ ግን የሚዘገንን ነገር አይኑርበት» አለኝ። ሥራዬ ከሞተ ሰው ዓይን ላይ ጀርም መፈለግ ነው። እንግዲህ እንዴት አድርጌ እንደማሳምረው እንጃ። ራታችሁን እንዳላስቀርባችሁ የቻልኩትን እሞክራለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ፒያሳ በእግሩ ያዘገመ ሰው ሳይደክመው ይደርስበት ነበር። «ነበር» የምለው ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ስለተነሣ ነው። በስሙ ያልሳቀብን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «የት ሰፈር ነሽ?» ሲሉኝ «ፒያሳ» ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን ስሙን ደጋግሜ ብጠራው ደስ ይለኛል፤ የሚጠራው ሰው እያነሰ ነዋ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። በጋ ላይ ችግር የለም። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ሐምሌ ላይ፣ ሊጡ አልቦካ ይላታል። እርሾው ገብቷል፣ ውኃው ልክ ነው፣ ሆኖም ቡሃቃው ውስጥ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። ያን ጊዜ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። ጧት ስንነሣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶት እናገኘዋለን። «እርሾው ሞቶ መስሎሽ ነው? በርዶት ተኝቶ ነው እንጂ» ትለኝ ነበር። እዚህ ግቢ ገብቼ ባዮሎጂ አራት ዓመት ተማርኩ፤ ከዚያም በአውሮፓ አንዲት ከተማ በዓይን ባንክ ላቦራቶሪ 11 ዓመት ሠራሁ። ስለ ሥራዬ የማውቀውን ዋና ነገር ግን ከእናቴ ቡሃቃ ነው ያገኘሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል ትሰማላችሁ። የሚሰጠው ግን ጥቁሩ ብሌን አይደለም፤ ከብሌኑ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ መስተዋት፣ ኮርኒያ የምንለው ነው። ስፋቱ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር የለውም። ጥርት ያለው በዚህ ነው፤ ከሌላ ሰው ተወስዶ ሲተከልም ሰውነት ከሌሎች አካላት በተሻለ የሚቀበለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን የደም ሥር የለውም ማለት ጀርም ሲገባበት ተከላካዩ ቶሎ አይደርስለትም ማለትም ነው። ሰዎች «ብሌን» ማለታቸውን ላርም ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ። ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆኑ ስሙን እንደፈለጉ ይጥሩት።

የመጀመሪያው የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ኦሎሙትስ በምትባል ከተማ፣ ዶክተር ኤድዋርድ ዚርም ኖራ ዓይኑን ያቃጠለውን አንድ ሠራተኛ ብርሃን መለሱለት። ያኔ ማቆየት የሚባል ነገር የለም። ኮርኒያው የተገኘው በዚያው ሆስፒታል ዓይኑ መውጣት ከነበረበት ልጅ ነው፤ ከአንዱ ተወስዶ ወዲያው ለሌላው ሆነ። በ1930ዎቹ ኦዴሳ ላይ ቭላዲሚር ፊላቶቭ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኮርኒያ በቅዝቃዜ ቆይቶ ሊተከል እንደሚችል አሳዩ። የእኛ ጣጣ የጀመረው ከዚያ ነው። ከሞተ ሰው መውሰድ ከተቻለ ማቆየት ግድ ይሆናል፤ ማቆየት ካለ ደግሞ «ንጹሕ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ንጹሕ አይደለም። ይህን በግልጽ ልናገር። የማንኛችንም ዓይን ጀርም አያጣም። አሁን እናንተ የምታዩኝ በስታፊሎኮከስ ታጥቦ በተቀመጠ ዓይን ነው፤ በሕይወት እስካላችሁ እንባችሁና ሽፋሽፍታችሁ እየጠረጉ ይይዙታል። ሰው ሲሞት መጥረጉ ይቆማል፤ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ጀርሙም ይጨምራል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ኮርኒያውን ከመውሰዱ በፊት ዓይኑን በፖቪዶን አዮዲን ያጥባል። ያ ቡናማ መድኃኒት ርካሽ ነው፣ ሽታውም ደስ አይልም፤ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ዓይን ያዳነ ግን እሱ ይመስለኛል። ለመድኃኒቱ የሚገባውን ደቂቃ ሳይሰጡ ማጠብ ደግሞ ቀለም መቀባት ነው፤ ተማሪዎቼን የምቆጣው በዚህ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋም። የቀረው ከኮርኒያው ጋር አብሮ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

ማቆያው ሁለት ዓይነት ነው። በአውሮፓ ብዙዎቹ ባንኮች ኮርኒያውን በሰውነት ሙቀት ወይም ከዚያ በትንሹ ዝቅ ባለ፣ ማለትም ከ31 እስከ 37 ዲግሪ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ያቆዩታል። በአሜሪካና በሌላው ብዙ ዓለም ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የማኬሪና የካውፍማን ፈሳሽ አራት ቀን ያህል ያቆይ ነበር፤ ኋላ የመጣው ኦፕቲሶል ጂ ኤስ እስከ 14 ቀን ያደርሳል።

ሞቃቱ ማለት እናቴ ቡሃቃውን በጋቢ የጠቀለለችበት ነው። ጀርም ካለ አይደበቅም። ፈሳሹ ውስጥ ፌኖል ሬድ የሚባል ቀለም አለ፤ ባክቴሪያ ሲራባ አሲድ ይፈጥርና ቀዩ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይዞራል፣ ይደፈርሳል። ጧት ኢንኩቤተሩን ከፍቼ ከቀያዮቹ ጠርሙሶች መሐል አንዷ ቢጫ ሆና የማገኝበት ቀን ነበር። የሆነ ቤተሰብ በለቅሶው መሐል «እሺ ውሰዱ» ብሎ የሰጠው ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩን መዝግቤ እጥለዋለሁ። ከ11 ዓመት በኋላም አልለመድኩትም። ቢጫ ያልሆኑትም በዓይን ታይተው ብቻ አይታለፉም። ከፈሳሹ ናሙና እንወስዳለን፤ ለባክቴሪያም ለፈንገስም በሚመች ምግብ ላይ እናሳድጋለን፤ ቀናት እንጠብቃለን። ሐኪሙ ኮርኒያውን ሲረከብ የካልቸሩ ውጤት አብሮት ይሄዳል።

ፍሪጁ ግን የሐምሌ ብርድ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን አለ፤ ሆኖም እነዚህ መድኃኒቶች በደንብ የሚሠሩት ባክቴሪያው ሲነቃና ሲራባ ነው። በቅዝቃዜ እሱም ይተኛል፣ መድኃኒቱም ይለግማል። ፈንገስን በተመለከተ ደግሞ ሁለቱ መድኃኒቶች ከነጭራሹ አይነኩትም። ካንዲዳ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ በፍሪጅ ውስጥ ቀናት ተቀምጦ ሲሞቀው ይነሣል። ፈሳሹ አይደፈርስም፣ ቀለሙ አይለወጥም። ሐኪሙ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ቢያነሣው ጥርት ያለ ነው። ከዚህ ፈሳሽ ናሙና ወስዳችሁ ብታሳድጉም አንቲባዮቲኩ አብሮ ተቀድቶ ካልቸሩ ላይ ጀርሙን ያፍነዋል፤ «ምንም አልበቀለም» የሚል የውሸት መልስ ይሰጣችኋል። መድኃኒቱን የሚመጥ ሬዚን ያለበት ጠርሙስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ የማይክሮባዮሎጂ መምህራን ለተማሪ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስታጡ ይህን አስቡት፤ ርካሽና ቀላል ሥራ ነው፣ የሚጠቀምበት ሰውም አለ።

ቀዝቃዛውን ላጣጥል አይደለም። እንደ እኛ መብራት በሚጠፋበት አገር ለአራት ሳምንት ኢንኩቤተር ጠብቁ ማለት ቀልድ ነው። ፍሪጅ ይቀላል፣ ሥልጠናውም ይቀላል፤ በአሜሪካም ሲሠራበት የኖረው እሱ ነው። ዋጋ ግን አለው። ዋጋው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ውጤቱ የሚደርሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መሆኑ ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ሐኪሙ ኮርኒያውን ይቀበልና መሐሉን፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህሉን፣ ክብ አድርጎ ቆርጦ ለታማሚው ይተክላል። ዳር ዳሩ እንደ ቀለበት ይቀራል። ያንን ቀለበት ወደ ላቦራቶሪ ይልከዋል። እኛ እናሳድገዋለን። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን፣ ፈንገስ ከሆነም ዘግየት ብሎ አንድ ነገር ይታያል ወይም አይታይም። ታማሚው በዚያ ጊዜ ቤቱ ገብቷል።

በቀለበቱ ላይ ባክቴሪያ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ታማሚው ምንም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች «ይህ ምርመራ ብር ማባከን ነው» ይላሉ። ስለ ባክቴሪያው ከሆነ ብዙ አልከራከራቸውም። ፈንገስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱ አይቸኩልም። ዓይኑ ለሳምንታት ደኅና መስሎ ቆይቶ፣ ታማሚው ማየት ጀመርኩ ብሎ ከተደሰተ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ አንድ ቅዳሜ ልውሰዳችሁ። የት አገር፣ የት ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ የማንንም ስም ለማንሣት አልመጣሁም። ተረኛ ነበርኩ። ማክሰኞ ከተደረገ ንቅለ ተከላ የተላከ ቀለበት ሳህኑ ላይ ነጭ፣ ቅቤ የነካት የምትመስል ጠብታ አብቅሏል። ማይክሮስኮፕ ስር አደረግኳት። ሐምራዊ፣ እንቁላል ቅርጽ ያላት፣ ከጎኗ ትንሽ ልጅ ያበቀለች። እርሾ። የእናቴን ቡሃቃ በማይክሮስኮፕ ያየሁ መሰለኝ። ካንዲዳ ነበረች።

ቅጹን አነሣሁ። የሐኪሙ ስም የሐኪም ጽሑፍ ነው፣ አይነበብም። ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ተጭሮበታል። አንድ መምህራችን በዚሁ ግቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ስም ያልጻፈ ተማሪ ሲያገኙ ሳህኑን አንሥተው ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉት ነበር፤ ያን ቀን ቅጹን የሞላውን ሰው እንደዚያ ባደረጉልኝ ብዬ ተመኘሁ። በማዞሪያ፣ በጥበቃ፣ በአንዲት ነርስ በኩል ስደውል ቆይቼ ሐኪሙን አገኘሁት። ታማሚውም ዚያው ከተማ ስለነበር በማግሥቱ ታየ፣ የፈንገስ መድኃኒት ተጀመረለት። ዓይኑ ተረፈ።

ግን አንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ኮርኒያ ነው። ሁለተኛው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው ዓይን ላይ ነበር። ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ ታማሚዋን ፈለገ። ከገጠር የመጡ እናት ናቸው። የሰጡት ስልክ የእርሳቸው አይደለም፤ የአንድ ጎረቤት ሱቅ ስልክ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ባለ ሱቁ አገር ለቋል። ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ ሴትየዋ ሆስፒታል ሲደርሱ ዘጠኝ ቀን አልፏል። ዓይናቸው ነጥቷል፣ ሌሊቱን በሕመም ሳይተኙ ነው የሚያድሩት። አዲሱ ኮርኒያ አልተረፈም።

መዝገቡን ብታዩት ምንም አልጎደለውም። ናሙናው በወቅቱ ተልኳል፣ በትክክል አድጓል፣ በትክክል ተለይቷል፣ ውጤቱ ታይፕ ተደርጎ ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ገብቷል። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። እኔም ሠርቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ጀርሙን አገኘነው» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ውጤቱን ለሚመለከተው ሰው በቃሌ ስነግር ብቻ ነው። እስከዚያ ያለው ሳህን ላይ የበቀለ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ጉዳዩ እዚህም የእኛ ስለሆነ ነው። በ1998 ዓ.ም. ግድም የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ በሞራ ግርዶሽ ነው፤ እሱ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድናል። 11.5 በመቶው ግን ትራኮማ ኮርኒያውን ጠባሳ አድርጎበት፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ሁለቱን ደምሩት፤ ከአምስት ዓይነ ስውር አንዱ መስተዋቱ ነው የቆሸሸበት። ሁሉም በንቅለ ተከላ ይድናል ማለት ግን አይደለም። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጠፈበት፣ እንባው የደረቀ ዓይን አዲስ ኮርኒያ ቢሰጡትም ያበላሸዋል፤ ሐኪም መርጦ ነው የሚተክለው።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቋመ። ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው ለብዙ ሰው አርአያ ሆነዋል። ዛሬ ሥራው በደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ስር ነው። ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡት። ሰው ሲሞት በስድስት ሰዓት ውስጥ መድረስ ይፈለጋል። እኛ አገር በነዚያ ሰዓታት ምን ይሆናል? እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወዳጅ ይጮኻል፣ ቀብር ይቀጠራል። በዚያ መሐል ቴክኒሻኑ ዕቃውን ይዞ ሲገባ «ዓይናቸውን ሊያወጡ ነው!» የሚል አይጠፋም። አንገቱን ደፍቶ ያስረዳል፣ አዮዲኑን ያጥባል፣ ደቂቃውን ይቆጥራል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደቂቃ መቁጠር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ዶሮ ማነቂያ እመለሳለሁ። በልጅነታችን ግቢያችን ስልክ አልነበረውም። ስልካችን የማዕዘኑ ሱቅ ስልክ ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት፣ ለዘመድ የምንሰጠው ቁጥር ያ ነው። ሲደወል የሱቁ ልጅ በር ላይ ወጥቶ ስማችንን ይጣራል፤ ግቢው በሙሉ ይሰማል፤ እኛ ባንኖር እንኳ አንዱ ጎረቤት ሮጦ ይሄዳል። እኔ የውጭ አገር የትምህርት ዕድሌን የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ሰምቶ እልል ብሎ ነበር። ያቺ ገጠር ያሉ እናት የሱቅ ስልክ መስጠታቸው አልገረመኝም። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምሰጠው።

ግቢያችን ውስጥ እትዬ ብቻ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ስማቸውን ልተወው። ዓይናቸውን ለመስጠት ካርድ ሞልተው ነበር፤ እኔ ለዕረፍት ስመጣ ነው ያስሞላኋቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን የሰውን ገመና ያየ ዓይን ማን ይፈልገዋል?» ብለው ስቀው ነው የፈረሙት። አድራሻ በሚለው ላይ የጻፍኩት ዶሮ ማነቂያ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ነው። ሰፈሩ ሲነሣ እርሳቸውና ልጃቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ባለፈው ዓመት እዚያው አረፉ። አዲስ ሰፈር ነው፤ ጎረቤት ገና አልተዋወቀም፣ እድሩም አልተጠናከረም። ልጃቸው ግን ካርዱን አስታውሶ በሌሊት ደወለ። ባለሙያዎቹ መጥተው ወሰዱ።

ከአርባው በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ቡና እያፈላልኝ «እህቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የእናቴ ዓይን ለማን ሆነ?» አለኝ። ለማን እንደሆነ እንደማይነገር፣ እኔም ማወቅ እንደማልችል ነገርኩት። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ደግሜ እውነቱን ነገርኩት፤ ላይተከልም ይችላል አልኩት። ደማቸው ይመረመራል፤ ኮርኒያው በስተጀርባ ያሉት ሕዋሳት ይቆጠራሉ፤ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,000 እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ያንሳል። ጀርም ተገኝቶበት ተጥሎም ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ዝም አለ። ቡናውን ቀዳልኝ። «ተጥሎ ከሆነ ሌላ ሰው እንዳይታመም ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት።

«እሺ። የተተከለለት ሰው ካለ ግን፣ ኋላ ጀርም አለበት ቢባል፣ ያንን ሰው ያገኙታል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስንት ባለሙያ ጋር ስሰበሰብ ሰምቼ አላውቅም። አልመለስኩለትም፤ የቅዳሜውን ታሪክ አወራሁለት። ጨርሶ ሰማኝና ተነሥቶ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣ። እርሱም ካርድ መሙላት ፈልጓል። አድራሻውን ራሱ ጻፈው፤ ብሎክና የቤት ቁጥር። ስልክ ከሚለው ቦታ ሲደርስ የራሱን ጻፈ። ከዚያ በር ከፍቶ ወጣና ከማዶ ያለውን በር አንኳኳ። የከፈተችለትን ሴት ከዚያ በፊት በደረጃ ላይ ሰላም ከማለት በቀር እንደማያውቃት ኋላ ነገረኝ። ቁጥሯን ጠይቋት ተመለሰና ከራሱ ቁጥር ሥር ጻፈው።